ልጁ ያየውን ነው የጻፈው

(ደሴ ላይ ለተሰበሰቡ የባዮሎጂ መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች የተደረገ ንግግር። እንደተነገረ ነው የቀረበው።)

ሰላም ለእናንተ ይሁን! አሰላሙ አለይኩም! እንደምን አላችሁ?

ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበር ተነስታችሁ የመጣችሁ መምህራን እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፣ ኑ ቅረቡ። አብሽሩ፣ ፈተና አይደለም። እናቶች፣ አባቶች፣ ገበያችሁንና ሥራችሁን ትታችሁ ልጆቻችሁ ምን እንደሚማሩ ለማየት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ለእናንተም የሚሆን ነገር ይዣለሁ። ስለ ብቅልም፣ ስለ ጨጓራም፣ ስለ ዩሪያም እናወራለን።

ዋናው ጉዳዬ ግን አንድ ሙከራ ነው። ፒኤች፣ ማለትም አንድ ፈሳሽ ምን ያህል አሲድ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር፣ ኢንዛይምን ምን ያደርገዋል? ኢንዛይም በ11ኛ ክፍል ባዮሎጂ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ይህች ጥያቄም እዚያ ውስጥ ናት። ብዙ ቦታ እንዴት ነው የምትሰጠው? ሰሌዳው ላይ ወደ ላይ ወጥቶ የሚወርድ መስመር ይሳላል። ጫፉ ላይ 7 ይጻፋል። ተማሪው ይገለብጣል። ፈተና ላይ 7 ብሎ ይመልሳል። አለቀ! ልጁ አንድ ጠብታ አዮዲን ሳይነካ ኢንዛይም ተማረ ይባላል።

መምህራንን ለመውቀስ አይደለም የቆምኩት። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ የወሎ ትምህርት ቤቶች እንደተጎዱ፣ ዕቃቸው እንደተዘረፈ ሁላችንም አይተናል። ላብራቶሪ ተብሎ ባዶ መደርደሪያ ብቻ የቀረበት ክፍል አለ። ይህ ሙከራ ግን ብዙ ላብራቶሪ አይፈልግም። ጓዳ፣ ሱቅና ፋርማሲ ይበቁታል። ይህን ዛሬ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ጠረጴዛዎቹ እዚያ ጋ ተዘጋጅተዋል።

ሦስት ነገር ነው የምለው። አንደኛ፣ ነገሩ ለምን እንደሚሆን። ሁለተኛ፣ እንዴት እንደምንሠራውና የት የት ላይ እንደሚያታልለን። ሦስተኛ፣ የማርኩ ነገር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚህ ያመጣችኝ ሦስተኛዋ ናት።

እሺ፣ አንደኛ።

ኢንዛይም ምንድን ነው? ሰውነታችን ውስጥ፣ እህል ውስጥ፣ እርሾ ውስጥ ያለ፣ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው። አብዛኛው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ደግሞ ረጅም የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፤ ተጠማዝዞና ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። በዚያ ቅርጽ ላይ አንዲት ጎድጓዳ ቦታ አለች። ኢንዛይሙ የሚሠራበትን ነገር፣ ለምሳሌ ስታርችን፣ የሚይዘው በእሷ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1894 ይህን በቁልፍና በጓጉንቸር መሰለው። ዛሬ ጓጉንቸሩ ራሱ ትንሽ እንደሚለጠጥ ታውቋል፤ ለጀማሪ ግን ምሳሌው አሁንም ይሠራል።

ታዲያ አሲድ ሲገባበት ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ያንን ቅርጽ ከያዙት ነገሮች አንዱ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። አንዳንዱ አሚኖ አሲድ ፖዘቲቭ ነው፣ አንዳንዱ ኔጋቲቭ ነው፣ እርስ በርስ ይሳሳባሉ። አሲድ በዛ ማለት ሃይድሮጅን አየን፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላት ቅንጣት፣ በዛ ማለት ነው። አየኖቹ ሄደው ኔጋቲቩ ላይ ይለጠፋሉ፣ ቻርጁ ይጠፋል፣ መሳሳቡ ይላላል። የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ቤዝ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሃይድሮጅኑ ከፖዘቲቩ ላይ ይነጠቃል። በዚህም ሆነ በዚያ ጎድጓዳዋ ቦታ ትዛባለች። ስታርቹ ይመጣል፣ የሚይዘው ያጣል። ለውጡ መጠነኛ ከሆነ ፒኤቹ ሲስተካከል ኢንዛይሙም ወደ ሥራው ይመለሳል። ከልክ ካለፈ ግን ፕሮቲኑ ይፈታል፣ ከዚያ በኋላ ብታስተካክሉትም ወይ ፍንክች።

ልጆች፣ ስለ ፒኤች አንድ ነገር አትርሱ። ቁጥሩ ከ7 ወደ 6 ሲወርድ "በአንድ ቀነሰ" ብላችሁ አትለፉ። አሲዱ በ10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ከ7 ወደ 5 ከሆነ 100 እጥፍ። ከ7 ወደ 4 ከሆነስ? አዎ! 1,000 እጥፍ። ጎበዝ። ስለዚህ ግራፉ ላይ ትንሽ የምትመስለው እርምጃ ለኢንዛይሙ ትንሽ አይደለችም።

ይህን መለኪያ ማን እንዳመጣው ታውቃላችሁ? ሶረን ሶረንሰን የሚባል ዴንማርካዊ ኬሚስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1909። የሚሠራው ኮፐንሃገን ውስጥ፣ ካርልስበርግ የተባለው የቢራ ፋብሪካ ካቋቋመው ላብራቶሪ ነበር። የሚያጠናው ምን ነበር? ኢንዛይም! የኢንዛይም ሥራ ከአሲዱ ጋር እንደሚለዋወጥ እያየ፣ ያንን የአሲድ መጠን በቀላል ቁጥር የሚገልጽበት መንገድ ፈለገ። ፒኤች እንዲህ ተወለደ። እኛ ፒኤችን ኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ፣ ኢንዛይምን ባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ እናስተምራለን፣ ሁለቱ የማይተዋወቁ ይመስላሉ። መለኪያው ግን የመጣው እኮ ለዚህችው ጥያቄ ነው። የኬሚስትሪ መምህራን ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ይህን ሙከራ ከባዮሎጂ መምህሩ ጋር አብራችሁ ስጡት።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። እንዴት እንሠራዋለን?

ስታርች፣ አማይሌዝ፣ አዮዲን። ስታርች አዮዲን ሲነካው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። አማይሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ስታርችን ወደ ስኳር ይቆራርጠዋል። ስታርቹ ሲያልቅ አዮዲኑ ቢጫ ቡናማ እንደሆነ ይቀራል። በየ30 ሰከንዱ ከድብልቁ አንድ ጠብታ እየወሰዳችሁ አዮዲን ላይ ትጥላላችሁ። ሰማያዊው እስኪጠፋ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ይህን በየፒኤቹ ትለካላችሁ። ሙከራው ይኸው ነው።

ስታርቹን ከሱቅ ታገኙታላችሁ፣ የበቆሎ ስታርች። 1 ግራሙን በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ትበጠብጡትና ታፈሉታላችሁ፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ። አዮዲኑ ከፋርማሲ ነው፣ በውሃ ይቅጠን። ጠብታ መጣያው ነጭ ሳህን ይሁን። መስፈሪያው መርፌው የወጣለት ስሪንጅ፣ ሰዓቱ ስልካችሁ። አማይሌዙስ? አማይሌዙ አፋችሁ ውስጥ አለ። በውሃ ትጉመጠመጡና ትንሽ ቆይታችሁ ምራቃችሁን በንጹሕ ብርጭቆ ትይዛላችሁ፣ በውሃ ታቀጥኑታላችሁ። ሁሉም በራሱ ምራቅና በራሱ ብርጭቆ ብቻ ይሥራ። ቁንጥር ጨው ጨምሩበት፣ የምራቅ አማይሌዝ በደንብ የሚሠራው ክሎራይድ ሲያገኝ ነው። ጨውም የሚገኘው በሽ በሽ ነው።

አንድ አደራ ግን አለኝ። በረመዳን፣ ወይም ልጁ በሚጾምበት በማንኛውም ቀን፣ "ተጉመጥመጥ፣ ምራቅ አምጣ" አትበሉት። ይህ ወሎ ነው። አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁለት ልጆች አንዱ ይጾማል፣ ሌላው አይጾምም፤ ሁለቱም እኩል መማር አለባቸው። መፍትሔውም ቅርብ ነው። ብቅል!

ብቅል አማይሌዝ የሞላበት ነገር ነው። ገብሱ ሲበቅል ያከማቸውን ስታርች መብላት ስላለበት ኢንዛይሙን ራሱ ያዘጋጃል። እናቴ ገብሱን ዘፍዝፋ፣ በቅጠል ሸፍና ስታበቅል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ስታሰጣ እያየሁ ነው ያደግሁት። እኛ ቤት ለጠላ ይሆናል፣ ጎረቤቶቻችን ለቀሪቦ፣ ለማያሰክረው መጠጥ፣ ይወስዱታል። ማድረቁ ላይ ጥብቅ ነበረች። አንዴ ቸኩላ የነበረች ታላቅ እህቴ ምጣድ ላይ ልታደርቀው ስትል "እሳት ያየ ብቅል ምን ይሠራልኛል?" ብላ ከእጇ ወሰደችባት። እናቴ ትምህርት ቤት አልገባችም። ኢንዛይም ሲሞቅ እንደሚበላሽ ግን ታውቅ ነበር፣ በስሙ አትጥራው እንጂ። እናቶች፣ እናንተ ስንት የምታውቁት ነገር አለ መሰላችሁ! ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ "እኔ ምን አውቃለሁ" አትበሉ።

ፀሐይ ላይ የደረቀውን ብቅል ውቀጡት። ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፣ ዝቃጩ ሲረጋ ከላይ የጠራውን ቅዱ። አማይሌዛችሁ ያ ነው።

ስለ ሙቀት ካነሣን አይቀር፣ ደሴና ኮምቦልቻ ስንት ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ? ቅርብ ናቸው። ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ብዙም አትዘልም። የጦሳ ተራራ ብርድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሲገባ ታውቁታላችሁ። አንድ ጓደኛዬ ኮምቦልቻ፣ እኔ ደሴ፣ ይህንኑ ሙከራ ከተማሪዎቻችን ጋር ሠርተን ማታ ስልክ ተደዋወልን። የእሱ ልጆች ቶሎ ጨርሰዋል፣ የእኔዎቹ ቁጭ ብለው ጠብቀዋል። ከሁሉ የፈጠነው ፒኤች ግን ሁለታችንም ጋ አንድ ነበር። ሙቀቱ ፍጥነቱን ለወጠው፣ የሚስማማውን ፒኤች ግን ከቦታው አላነቃነቀውም። ስለዚህ ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውሃ አድርጉና ቱቦዎቹን እዚያ ውስጥ አቁሙ፣ ወደ 37 ዲግሪ። ቴርሞሜትር የለንም አትበሉ፣ የትኩሳት መለኪያው ለዚህ ልክ ነው።

አሁን ፒኤቹን እንዴት እናገኛለን? ባፈር የገዛ ትምህርት ቤት ካለ እሰየው። ባፈር ማለት አሲድ ወይም ቤዝ ቢገባበትም ፒኤቹን ቶሎ የማይለቅ ፈሳሽ ነው። ያልገዛ ደግሞ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ይያዝ። አቼቶው ላይ ሶዳውን በጥቂት በጥቂቱ ስትጨምሩ አረፋው ይነሳል። እስኪያቆም ጠብቁ፣ ከዚያ በፒኤች ወረቀት ለኩ። በዚህ መንገድ ከ4 ጀምራችሁ 8 አካባቢ ድረስ መውጣት ትችላላችሁ። ወረቀቱ ከሌለ የቀይ ጥቅል ጎመን ውሃም ያሳያል፤ አሲድ ላይ ይቀላል፣ ቤዝ ላይ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። መጀመሪያም ለኩ፣ ስትጨርሱም ለኩ። በመሃል የተለወጠ ከሆነ ጻፉት።

ለምን ሎሚ አላልኩም? ሎሚ እኮ ከአቼቶ ይልቅ በየቤቱ አለ። እዚህ ላይ ነው ሙከራው የሚያታልለን። በደንብ ስሙኝ።

አንድ ጊዜ አንድ ቡድን ተማሪዎች አሲዱን በሎሚ ሠሩት። የሎሚው ቱቦ ላይ ሰማያዊው ወዲያው ጠፋ። ልጆቹ ተደሰቱ፣ "አማይሌዝ አሲድ ይወዳል!" ብለው ሊጽፉ ነው። ከመካከላቸው አንዲት ዝም የምትል ልጅ ነበረች። እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ምራቁን ሳልጨምር ልሞክረው?" አለችኝ። ሞክሪው አልኳት። ስታርች፣ ሎሚ፣ ምራቅ የለም። አዮዲኑ ላይ ጠብ አደረገችው። ቀለሙ እንደገና ጠፋ! ኢንዛይም በሌለበት ማን ቆረጠው? ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ መሟገት ጀመሩ። ደወሉ ተደውሎ እንኳ የወጣ አልነበረም።

ምን ሆኖ ነው? ሎሚ ውስጥ ቫይታሚን ሲ አለ። ቫይታሚን ሲ ስታርቹን አይነካውም፣ አዮዲኑን ራሱን ነው የሚለውጠው። አዮዲኑ ወደ አዮዳይድ ይለወጣል፣ አዮዳይድ ደግሞ ቀለም የለውም። ስታርቹ እዚያው ቁጭ ብሏል። ተጨማሪ አዮዲን ብታንጠባጥቡበት፣ ቫይታሚኑ ሲያልቅ ሰማያዊው ይመለሳል። ያቺ ልጅ ያደረገችው ነገር ስሙ ኮንትሮል ይባላል፣ ማነጻጸሪያ በሉት። ማንም አላዘዛትም። ያየችውን ስላላመነች ነው።

በሌላው ጫፍም እንዲሁ ነው። የአመድ ውሃ ኃይለኛ ቤዝ ነው። ፒኤቹን ከፍ ለማድረግ ብላችሁ እሱን ብትጠቀሙ፣ ኃይለኛ ቤዝም የአዮዲንን ቀለም ያጠፋል። ያየ ሁሉ ኢንዛይሙ ሠራ ይላል። አልሠራም! ቤኪንግ ፓውደር የገዛም ይጠንቀቅ፤ ፓውደሩ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ስታርች ስለሚጨመር አዮዲኑን ራሱ ሰማያዊ ያደርገዋል። ሱቅ ስትገቡ "ሶዳ" በሉ፣ ማሸጊያውንም አንብቡ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ለእያንዳንዱ ፒኤች ኢንዛይሙ የፈላበት አንድ ቱቦ ይኑር። ለእያንዳንዱ! ለ7 ብቻ አይደለም። ደሴ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ይፈላል፣ አማይሌዝን ለማበላሸት ግን ይበቃል። 10 ደቂቃ አፍሉት። የፈላው ቱቦ ቀለሙን ካጠፋ፣ ያ ፒኤች ላይ ያገኛችሁት ውጤት የኢንዛይም አይደለም።

አዮዲን ያላገኘ በድንችና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሥራው። ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው 3 በመቶው ይሆናል። ድንቹ ውስጥ ካታሌዝ አለ፣ ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክሲጅን ይሰብረዋል፣ የአረፋውን ቁመት በማስመሪያ ትለካላችሁ። ፈጣን ነው፣ ልጆች ይወዱታል። ግን ፐርኦክሳይድም ቤዝ ውስጥ በራሱ ጊዜ መፍረስ ስለሚቀናው ያው ማነጻጸሪያው አይቅር።

ሦስተኛ። የማርኩ ነገር።

ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ ሪፖርቱን ይዞ መጣ። የእኔ ተማሪ አልነበረም፣ የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ጊዜው ጾም ስለነበር ሙከራውን በብቅል ውሃ ሠርቶታል። ፒኤች 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ደግሞታል። ማነጻጸሪያም አለው። ሠንጠረዡ ንጹሕ፣ ግራፉ በእርሳስ፣ ከሁሉ የፈጠነው 5 እና 6 ላይ። ከሥሩ በቀይ ብስክሪብቶ ምን ተጽፏል? "ስህተት። ኦፕቲመም ፒኤች 7 ነው።" ኦፕቲመም ማለት ከሁሉ የሚስማማው ማለት ነው። ማርኩ ተቀንሷል።

ልጁ "ቲቸር፣ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?" አለኝ።

የት ጋ ነው የተሳሳተው? እናንተ ንገሩኝ! የምራቅ አማይሌዝ 7 አካባቢ፣ ከ7ም ትንሽ ዝቅ ብሎ በደንብ ይሠራል። የገብስ ብቅል አማይሌዝ ግን 5 እና 6 መካከል ነው የሚመቸው። ቢራ ጠማቂዎች የብቅላቸውን ድፍድፍ ፒኤች እዚያው አካባቢ የሚይዙት ለዚህ ነው። ልጁ ያየውን ነው የጻፈው! ያየውም እውነት ነበር። ግን የዚያን ቀን ምን ተማረ? ዓይንህን አትመን፣ መጽሐፉን ገልብጥ የሚለውን ተማረ። በሚቀጥለው ሙከራ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? ሙከራውን ሳይሠራ 7 ብሎ ይጽፋላ። ከቁጥሩ ተነስቶ ወደ ኋላ ሠንጠረዥ ይሞላል። ሙሉ ማርክም ያገኛል። እንዲህ ያለ ሪፖርት አይታችሁ አታውቁም? ሦስት ድግግሞሽ፣ ሦስቱም በሰከንድ ሳይለያዩ? ተፈጥሮ እንዲህ አትሠራም።

ደግሞስ ኢንዛይም ሁሉ 7ን ቢወድ ኖሮ ጨጓራችን ምን ይሆን ነበር? ወላጆች፣ እዚህ ላይ ነው የጨጓራው ነገር። ጨጓራ ውስጥ ፔፕሲን የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ሥጋንና ሌላውን ፕሮቲን ይቆራርጣል። ቴዎዶር ሽቫን እ.ኤ.አ. በ1836 ነው ያገኘው። እሱ የሚመቸው ፒኤች 2 አካባቢ ነው፣ በጣም ኃይለኛ አሲድ። 7 ላይ አይሠራም። ምግቡ ወደ ትንሹ አንጀት ሲያልፍ አሲዱ ይበርድና ትራይፕሲን ይረከባል፣ እሱ ደግሞ 8 አካባቢ ይወዳል። የምራቁ አማይሌዝስ? እንጀራው ጨጓራ ደርሶ አሲዱ ሲያገኘው ሥራውን ያቆማል። በአንድ ጉርሻ መንገድ ላይ ሦስት ኢንዛይም፣ ሦስት የተለያየ ፒኤች። ልጆቻችንን 7 ብቻ ካስሸመደድናቸው ይህን ሁሉ ከየት ያገኙታል?

ጨጓራ ውስጥ ያ ሁሉ አሲድ እያለ ደግሞ የሚኖር ባክቴሪያ አለ። ሁላችሁም ስሙን ታውቁታላችሁ፣ ኤች ፓይሎሪ። እንዴት ይኖራል? ዩሪየዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። ዩሪያን ወደ አሞኒያ ይለውጣል፣ አሞኒያው ቤዝ ስለሆነ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያረክስለታል። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የሚባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ይህ ባክቴሪያ የጨጓራ ቁስለትና ብግነት እንደሚያመጣ በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከመመርመሪያዎቹ አንዱም ይኸው የእኛ ሙከራ ነው። ከጨጓራ ተቆንጥሮ የወጣች ናሙና ዩሪያና የፒኤች ቀለም ያለበት ነገር ውስጥ ትገባለች። ባክቴሪያው ካለ አሞኒያ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይጨምራል፣ ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣል። ልጆች፣ እናንተ ኢንዛይሙን በፒኤች ትፈትኑታላችሁ፣ ሐኪሙ በፒኤቹ ኢንዛይሙን ይፈልጋል።

አባቶች፣ ዩሪያ ስል የማዳበሪያው ነገር መጣባችሁ አይደል? ያው ነው። ዩሪየዝ አፈር ውስጥም አለ። ዩሪያውን ከላይ በትናችሁ ስትተዉት ኢንዛይሙ ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል፣ አሞኒያው ወደ አየር ይሄዳል፣ ገንዘባችሁም አብሮ ይሄዳል። አፈሩ ቤዝነት ካለው ብክነቱ ይብሳል። በአፈር መሸፈን ወይም ዝናብ ሲቃረብ መጨመር የሚመከረው ለዚህ ነው። ልጃችሁ ይህን ምዕራፍ በእጁ ሠርቶ ከተማረ፣ ማሳ ላይ የሚነግራችሁ ነገር ይኖረዋል።

ወደ ማርኩ ልመለስ። መምህራን፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሪፖርቱን ስታርሙ መጀመሪያ የመጨረሻውን ቁጥር አትዩ። ማነጻጸሪያ አለው ወይ? ሙቀቱን፣ የኢንዛይሙን መጠን፣ የስታርቹን መጠን አንድ ዓይነት አድርጎ ይዟል ወይ? ደግሞታል ወይ? ያልሆነለትን ጽፏል ወይ? ለምሳሌ 10 ደቂቃ ጠብቆ ሰማያዊው ካልጠፋ "ከ10 ደቂቃ በላይ" ብሎ ይጻፍ፣ "0" አይጻፍ፣ ባዶም አይተው። እነዚህ ላይ ነው ማርኩ መዋል ያለበት። ውጤቱ ከመጽሐፉ ከተለየ ደግሞ "ለምን ይመስልሃል?" ብላችሁ በዚያው በቀዩ ብስክሪብቶ ጠይቁት። ቀይ ብስክሪብቶ መጠየቂያም ይሆናል።

"7 አገኘሁ" ያለውንም ጠይቁት። 6፣ 7፣ 8ን ብቻ የሞከረ ልጅ በትክክል ያወቀው ምንድን ነው? ጫፉ 6 እና 8 መካከል የሆነ ቦታ እንዳለ ነው። 6.6 ይሁን 7.2 ይሁን ገና አልታወቀም። መካከሉን ደግሞ እንዲሞክር ላኩት። እንዲህ ያለ ልጅ "መካከሉን ገና አልሞከርኩም" ብሎ ከጻፈ፣ እኔ ከመጽሐፉ 7ን ገልብጦ ከመጣው የበለጠ ማርክ እሰጠዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ቢጠይቀኝ፣ ወላጁ ቢጠይቀኝ፣ ለምን እንደሰጠሁት አስረዳለሁ።

የዚያ የብቅሉ ልጅ ነገር ምን ሆነ የምትሉ ትኖራላችሁ። ማርኩ አልተመለሰለትም። ሪፖርቱን ኮፒ አድርጌ ግን እስካሁን ኢንዛይም ሳስተምር ለክፍሉ አሳያለሁ፣ ስሙን ሸፍኜ። ቀዩን ጽሑፍ ከማንበባቸው በፊት ማርክ ስጡት እላቸዋለሁ። ተማሪዎቹ ሁሌም ጥሩ ማርክ ይሰጡታል።

በቃ፣ ብዙ አወራሁ። ጠረጴዛዎቹ ዝግጁ ናቸው። በግራ በኩል ያሉት የምራቅ ናቸው፣ በቀኝ ያሉት የብቅል። የሚጾም ሰው ወደ ቀኝ ይሂድ። እዚያ ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሆን ብዬ ሎሚና የአመድ ውሃ አስቀምጫለሁ፤ መምህራን ከእሱ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል። ወላጆች ሰዓት ትይዛላችሁ፣ ልጆች ጠብታውን ትጥላላችሁ። ያገኛችሁትን ሰሌዳው ላይ ጻፉ፣ የማንም ቁጥር አይጠፋም። ውሃው ሳይቀዘቅዝ እንጀምር። አመሰግናለሁ።